ድምፅ ማጉያችንና የመርካቶው ባለ ሙያ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ለከበሮ ብቻ የተነገረ አለመሆኑን የተረዳነው በተማሪነታችን ዘመን አንድ አሮጌ የጊታር ድምፅ ማጉያ እጃችን ገብቶ ባደናገረን ጊዜ ነው። ነገሩ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ በመማሪያ ክፍልም ሆነ በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ከፍ ያለ ድምፅ ሰምተናልና፥ ትዝታው እንደ መደብዘዝ ፈንታ እየጠራ ሄደ። ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነ ለአንባቢ ማካፈል መልካም መስሎ ታየን።

ያን ጊዜ አራት ጓደኛሞች ነበርን። አንዱ ጊታር፥ አንዱ ባስ፥ አንዱ ድራም ይመታል፤ አራተኛው ይዘፍናል። የምንማርበት ትምህርት ቤት የተመሠረተበትን በዓል ሊያከብር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፥ የሙዚቃው ክፍል ለእኛ ተሰጠ። የጊታር ማጉያ ግን አልነበረንም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፥ ደግ ሰው ነበሩና፥ በሸራ ተጠቅልሎ በአንድ ጥግ የተቀመጠ ከባድ ሣጥን አሳዩን። ከኋላው ብንመለከት ሁለት ትልልቅና ሦስት ትንንሽ የመስታወት ቫልቮች ተደርድረውበታል። ኃላፊው በራሳቸው ስም ፈርመው አወጡልንና «የመንግሥት ንብረት ነው፤ እንደ ዐይናችሁ ጠብቁት» አሉን። እኛም በደስታ ቃል ገባን።

ቃላችን አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። ሣጥኑን አስገብተን ሶኬቱን ሰካን፤ ቫልቮቹ እንደ ፍም ቀላ አሉ። ጓደኛችን ጊታሩን መታ፤ ድምፅ የለም። መዘውሩን እስከ እኩሌታው አዞርን፤ ድምፅ የለም። እስከ ጥጉ አዞርነው፤ ጓደኛችንም ክሩን እስኪበጠስ ድረስ ይመታው ጀመር። ድምፁ እምቢ ባለ ቁጥር እኛ የምናውቀው መድኃኒት መጨመር ብቻ ነበር። በመጨረሻ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ጠሽ የሚል ነገር ተሰማ፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታም ክፍሉን ሞላው። እስፒከሩን ከማጉያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ሳይሰካ ወለል ላይ ተኝቶ ኖሯል።

በዚያች ሌሊት ማናችንም እንቅልፍ አልወሰደንም። ያሳሰበን በዓሉ አልነበረም፤ የእኒያ ሰው ፊርማ ነበር እንጂ። ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ዋጋው ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥ እናውቃለን።

በማግሥቱ ማጉያውን ይዘን ወደ መርካቶ ወረድን። መርካቶ የሚለው ስም ጣልያንኛ ነው። ጠላት አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ዘመን፥ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። ጠላት ሄደ፤ ገበያውና ስሙ ቀሩ። በዚያ ሰፈር ዕቃ ሁሉ የየራሱ ተራ አለው፤ ሸማው ሸማ ተራ፥ በርበሬው በርበሬ ተራ ይገኛል፤ ሌላው አገር የጣለውን ቁርጥራጭ ብረትና አሮጌ ዕቃ እንደገና ነፍስ የሚዘሩበት ደግሞ ምናለሽ ተራ ናቸው። ቀጥቃጩ ሲቀጠቅጥ፥ ካሴት ሻጩ ዘፈኑን ወደ መንገድ ሲለቅ፥ ተሸካሚው «ዞር! ዞር!» ሲል፥ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ለመነጋገር ይጮኽ ነበር።

እኛም ከሱቅ ሱቅ እየዞርን «ቫልቮላ የሚያውቅ ሰው አለ?» ብለን ብንጠይቅ፥ ሁሉም የመብራት ፊውዝ እያወጣ ያሳየን ነበር። ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው፤ ጣልያንኛው «ቫልቮላ» ለመስታወቱ ቫልቭም ለፊውዙም የሚያገለግል ቃል ሲሆን፥ ያገራችን ሰው ግን ለፊውዙ ብቻ አስቀርቶታል። በመጨረሻ ማጉያውን በጀርባው የተሸከመልን ሰው ታከተውና «እናንተ የምትፈልጉት የድሮ ራዲዮ የሚሠሩትን ሽማግሌ ነው» ብሎ በምናለሽ ተራ ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ አደረሰን።

ባለ ሙያው መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፥ ሲያናግሯቸው ግራ ጎናቸውን ወደ ተናጋሪው የሚያዞሩ ሽማግሌ ነበሩ። ካቻቢቴያቸውን አንሥተው የሣጥኑን ጀርባ ፈቱ፤ አሸተቱ፤ ከዚያም ባዶውን የእስፒከር መሰኪያ በጣታቸው እየነኩ፦

«ልጆቼ፥ ይህ ዕቃ ሲጮኽ ሸክሙ የት ነበረ?» ብለው ጠየቁን።

«ጋሼ፥ ሸክም የሚሉት ምኑን ነው?» አልናቸው።

«እስፒከሩን ነዋ! ጉልበቱን የሚቀበለው እሱ አይደለም ወይ? የሚቀበለው ያጣ ጉልበት ወዴት ይሂድ? ወደ ራሱ ተመልሶ ሆዱን ይበላል።»

ከዚያም ነገሩን አስረዱን። በቫልቩ መስታወት ውስጥ አየር የለም። በመካከሉ ያለው ካቶድ በሙቀት ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ዙሪያውን የከበበው አኖድ በብዙ መቶ ቮልት ኃይል ይስባቸዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ወንፊት መሰል ሽቦ ግን እንደ በረኛ ሆኖ ያሳልፋል፥ ይከለክላልም። ከጊታሩ የምትመጣው እጅግ ትንሽ ምልክት የምታዘው ይህን በረኛ ነው፤ በረኛው በታዘዘ መጠን ታላቁ ፍሰት ይበዛል፥ ያንሳል። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ቫልቭን ሲያወጣ በረኛ አልነበረውም፤ በረኛውን እ.ኤ.አ. በ1906 የጨመረው አሜሪካዊው ደ ፎረስት ነው። ራዲዮ፥ ፊልምና የሩቅ ስልክ በዚህች ብልሃት ቆመው ኖረው፥ እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ቀስ በቀስ ቦታዋን ወሰደ። የጊታር ተጫዋቾች ግን ብዙዎቹ ቫልቭን አልተዉም።

ቫልቭና እስፒከር በቀጥታ አይግባቡም። ቫልቩ ከፍ ባለ ቮልትና በጥቂት ፍሰት ይሠራል፤ እስፒከሩ በዝቅተኛ ቮልትና በብዙ ፍሰት ይንቀሳቀሳል። በመካከላቸው እንደ አስተርጓሚ የሚቆመው የመውጫ ትራንስፎርመር ነው። እስፒከሩ ሳይያያዝ መዘውሩ ሲከፈት በትራንስፎርመሩ ጥቅል ውስጥ ቮልቱ ከልክ በላይ ይነሣና ሽቦውን የለበሰውን ሽፋን ይበሳዋል። የእኛም ያረፈው እንዲህ ነበር።

ባለ ሙያው ጥቅሉን አዲስ ሽቦ ጠምጥመው ለማዳን በስምንት ቀን ቀጠሩን። ዋጋውንም ቀነሱልን፤ ነገር ግን በየማታው ከትምህርት በኋላ እየመጣን እንድንመለከት ውል አስገቡን። «መማር ከመጠምጠም ይቅደም» የሚለውን ሲናገሩም የጥቅል ሽቦውን በእጃቸው ይዘው ይሥቁ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ በነዚያ ቀናት «ጋሼ፥ እስከ ጥግ ካላከፈትነው ምን ቸገረን? በትንሹ ብንጫወትስ?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም እንዲህ አሉ፤ የቫልቭ ማጉያ በትንሹ ሲከፈት ድምፁ ንጹሕ ነው፤ እስከ ጥጉ ሲደርስ ግን ሞገዱ ከአቅሙ በላይ ሊወጣ ሲሞክር ጫፉ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። በዚህም ጊዜ ድምፁ ይወፍራል፥ ይረዝማል፥ ለጣት ይታዘዛል። ትራንዚስተር ግን ከአቅሙ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፤ ጆሮም ይቆረቁራል። በለንደን የከበሮ መምህርና የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ የነበረው ጂም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን ማጉያ ያሠራው ወጣት ደንበኞቹ ይህን ዐይነት ድምፅ በመፈለጋቸው ነበር።

ለእኛ ግን ለንደን ሩቅ ነው። የምናደንቀው በባለ ሙያው ሱቅ በር ላይ ይሰማ የነበረውን ነው። የዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ ባገራችን ረጅም ታሪክ አለው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወጣቶች የነፋስ መሣሪያ ይነፉ ነበር፤ ከዚያ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲጀምር፥ የግል ባንዶች ዘመን ተከፍቶ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 የቀረጸው «እሬ መላ መላ» የጊታርና የሳክስፎን ንግግር እንዴት እንደሚያምር ለዓለም ጭምር አሳይቷል። እኛ አራታችን ያደግነው ያን እየሰማን ነው፤ ስለዚህም እንደነሱ ለመሆን ቸኮልን።

ትራንስፎርመሩ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ትምህርቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ሸክሙ ተስተካከለ። እያንዳንዳቸው 16 ኦም የሆኑ ሁለት እስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 8 ኦም ይሆናሉ፤ ስለዚህ የማጉያው መምረጫ በ8 ላይ ቆመ። ደግሞም ማጉያው 50 ዋት የተባለው በንጹሕ ድምፅ ነው እንጂ፥ እስከ ጥጉ ሲከፈት ከዚያ ብዙ ሊያልፍ ስለሚችል፥ ሁለቱ እስፒከሮች ተደምረው 100 ዋት መቻል ነበረባቸው። ገመዱም የጊታሩ ቀጭን ገመድ እንዳይሆን፥ ወፍራም የእስፒከር ሽቦ እንዲሆን አዘዙን።

ቀጥሎ የመብራቱ ነገር ነው። ባገራችን መብራት 220 ቮልት ይባላል፤ ማታ ሰው ሁሉ ምጣዱንና አምፑሉን ሲያበራ ግን ይወርዳል፥ ከዚያም በድንገት ይነሣል። ስለዚህ ማረጋጊያ እንድንከራይ፥ ደግሞም በሶኬቱ ላይ ያለውን የመሬት ሽቦ፥ ማጉያው ቢያጉረመርም እንኳ፥ ፈጽሞ እንዳንቆርጥ አስጠነቀቁን። «ጉርምርምታ ያናድዳል፤ የመሬት ሽቦ የሌለው ጊታር ግን ይገድላል» አሉን።

ከዚያ ቫልቮቹን መዘኑ። ትልልቆቹ ኢ.ኤል. 34 የሚባሉ ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸው አኖድ የሚችለው ሙቀት 25 ዋት ነው። ባለ ሙያው ማጉያው ሳይጫወት በሚያርፍበት ጊዜ ከዚህ ከመቶ 70 እጅ እንዳያልፍ አደረጉ፤ ይኸውም 17 ዋት ተኩል ነው። ቮልቱ 450 ስለ ነበረ፥ በእያንዳንዱ የሚያልፈው ፍሰት 38 ሚሊ አምፔር እንዲሆን መዘውሯን ቀስ እያሉ አስተካከሉ። ከዚህ ቢበዛ ቫልቩ ሆዱ ቀልቶ ያልቃል፤ እጅግ ቢያንስ ድምፁ ይሻክራል። ይህን ሲሠሩ አንድ እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡም ነበር። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ያን የመሰለ ቮልት ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፥ ሁለት እጅ የነካ ሰው ፍሰቱን በልቡ ላይ ያሳልፋል። «ይህን እዩ እንጂ አትሥሩ» ብለው አራታችንንም አስማሉን።

ሙቀቱንም አልዘነጉም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ስለ ሆነ ትኩስ ዕቃን በቶሎ አያበርድም። ስለዚህ የማጉያው ጀርባ ከግድግዳ አንድ ክንድ ይራቅ፥ ሸራም አይደረብበት አሉ። ከመጫወታችንም በፊት ቫልቮቹ እስኪሞቁ እንድንታገሥ ሲያዝዙን፥ «ካህን ከበሮውን ፀሐይ ሳያሞቅ ይመታል ወይ?» ብለው ጠየቁን።

በመጨረሻ ስለ መዘውሮቹ አስተማሩን። እኛ ድምፅ ወፍራም እንዲሆን የባሱን መዘውር እንሞላ ነበር። እሳቸው ግን ዝቅ አደረጉት፤ እስከ ጥግ በተከፈተ ማጉያ ዝቅተኛው ድምፅ ጉልበቱን ሁሉ ይበላና ሌላውን ያደፈርሳልና። መካከለኛውን ከፍ፥ ቀጭኑን ልከኛ አደረጉ። ማጉያው ተከፍቶ ሲኖር ደግሞ የሚያዘው በጊታሩ ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር ናት፤ እሷን ቀነስ ሲያደርጉ ድምፁ ይጠራል፥ ጨመር ሲያደርጉ ይነድዳል። «አለቃው ትልቁ መዘውር አይምሰላችሁ» አሉን።

የሙከራው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ መርካቶ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ነውና። ያም ሆኖ በአንድ በኩል ራጉኤል፥ በሌላ በኩል አንዋር መስጊድ ስላሉ፥ ባለ ሙያው መዘውሩን ከመክፈታቸው በፊት በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን አቀኑ። አዛን ተሰማ፤ ጠበቅን። ጸሎቱ ሲያልፍ «አሁን ለአንድ ደቂቃ ብቻ» አሉ፤ ለየአንዳንዳችንም ወፍራም የጆሮ መድፈኛ ሰጡን።

ጓደኛችን መጀመሪያ ሦስት አራት ክር ባንድነት መታ፤ ታመሰ፥ ዝብርቅርቅ አለ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ብዙ ክር ሲደባለቅ ያልተመቱ ድምፆች ጭምር እንደሚወለዱ ሰምተን ነበር፤ እነሆ ሆነ። ኋላ ግን በትዝታ ቅኝት አንዲት ክር ብቻ ነካ። ያች ድምፅ እንደ ማሲንቆ ተሳበች፤ አልቆም አለች። የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፥ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ዘለሉ፥ ደረታችንም አብሮ መታ። ከመካከላችን ሁለቱ አለቀሱ፤ ስማቸውን አንጽፍም። ደቂቃው ሲሞላ ባለ ሙያው ዘጉት። ከዚያም ግራ ጎናቸውን ወደ እኛ አዙረው «ይህን ቀኙን ጆሮዬን የበላው ይህ ነው» አሉን። በወጣትነታቸው ሰው ያመጣውን ሁሉ ራሳቸውን በእስፒከር ፊት አድርገው ሲፈትኑ የኖሩ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነገሩን።

ቁጥሩን ዛሬ እናውቀዋለን። በ85 ዴሲቤል ድምፅ መካከል ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ሊቆይ ይችላል ይባላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ግን ጊዜው በእኩሌታ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የ50 ዋት ማጉያ እስከ ጥጉ ሲከፈት በአንድ ሜትር ርቀት ከ110 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ላይ የሚፈቀደው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በውስጥ ጆሮ ያሉት ድምፅን የሚቀበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት በሰው ላይ ከሞቱ በኋላ እንደገና አይበቅሉም።

በዓሉ በሰላም ተከበረ። ማጉያው በሣጥን ላይ ከፍ ብሎ፥ ከሰው ጆሮ ፊት ዘወር ተደርጎ ተቀመጠ፤ መብራት ወረደ፥ ማረጋጊያው ያዘ። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከሁሉም በላይ ሲያጨበጭቡ አየናቸው፤ የተቃጠለውንና የታደሰውን ነገር ሁሉ ግን በማግሥቱ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የመመለሻ ሰነዱን ፈረሙልን።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ጊታር ተጫዋቹ ጓደኛችን የጆሮ መድፈኛውን ንቆ፥ ከበዓሉ በፊት በነበሩት አምስት ቀናት ልምምድ ላይ በእስፒከሩ ፊት ለሰዓታት ቆሞ ነበር። በበዓሉ ሌሊት ጆሮው ውስጥ እንደ ፌንጣ ያለ ጩኸት ጀመረው፤ ያ ጩኸት እስከ ዛሬ አልቆመም። እኛ ሦስታችንም ባለ ሙያው ያሉትን ሰምተን እሱን ስላልገሠጽነው ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም።

ዛሬ እሱ መምህር ነው። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ቀስ ብሎ ሲናገር ስለማይሰማው፥ ከሰሌዳው ተነሥቶ እስከ ተማሪው ወንበር ድረስ ሄዶ ጎንበስ ይላል። ተማሪዎቹ ይህን እንደ ትሕትና ቆጥረው ይወዱታል፤ እርግጥ ከጊዜ ብዛት ትሕትናም ሆኖለታል። የባለ ሙያው ሱቅ የነበረበት ስፍራ በፎቅ ተተክቷል፤ እሳቸውም ዐርፈዋል። እኛ ግን በየስብሰባው ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስንሰማ፥ ከመፍረዳችን በፊት የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ ይለናል፤ ሸክሙ የት አለ? የሚቀበለው ማነው? ብዙ ጊዜም ጥያቄውን መጀመሪያ ወደ ራሳችን እንመልሰዋለን፤ ገመዱ ወለል ላይ ተኝቶ ሳለ መዘውሩን እስከ ጥግ ያዞርን እኛ ነንና።